ፊናንስ ሥራ ላይ ነው

አንድ ሐሙስ ጠዋት ብየዳ ቤቴን ከፍቼ ገና ከመቀመጤ ጆሮዬ የጠፋ መሰለኝ። ከግንቡ ማዶ ያለው የአዴ ሩቂያ የበርሜል ግቢ ዝም ብሏል። ያ ግቢ ዝም ብሎ አያውቅም። በርሜል ሲንከባለል፣ በርሜል ሲወድቅ፣ በርሜል በበርሜል ላይ ሲጫን እየሰማሁ ስለኖርኩ፣ ሰው ቀስ ብሎ ሲያናግረኝ የታመመ ይመስለኛል። ጆሮዬን በጣቴ ጎረጎርኩ፤ መዶሻ አንስቼ ብረት መታሁ፤ ብረቱ ጮኸ። ጆሮዬ ደህና ነው። ዝም ያለው ግቢው ነው።

ትንሽ ቆይቶ ታናሽ ወንድሟ አብዲ ደጄ ላይ ቆመ። ሩቂያ ንጋት ላይ ማረፏን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ እንደሚቀብሯት ነገረኝና ሁለት እጆቹን የሚያደርግበት እንደጠፋው ሰው አየት አየት አድርጎ ሄደ።

እንግዲህ የሞተ ሰው ሲነሳ "ደግ ነበረች፣ ገር ነበረች፣ ከአፏ ማር ይወርድ ነበር" ማለት የአገር ወግ ነው። እኔ እንዲህ ብዬ ብጀምር ግን አዴ ሩቂያ አፈሩን አራግፋ ትነሳና "አንተ ውሸታም" ትለኛለች። የክርስትናውም የመታወቂያውም ስሜ ምን እንደሆነ ያወቀች አይመስለኝም። ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ ስትጠራኝ ወይ "ዋርያ" ነው፣ በሱማሊኛ "አንተ ሰውዬ" እንደ ማለት፣ ወይ "ውሸታሙ" ነው። አልተቀየምኩም። እኔ የማወራው ነገር ሁሉ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ብቻ ከመጠኑ ትንሽ ይተልቃል።

ድሬ "አንቱ" የሚባል ነገር ስለማይሆንላት እኛም እሷን "አንቺ" እያልን ነው የኖርነው። ክብሩ "አዴ" የሚለው ላይ ነው፤ እናት እንደ ማለት። አባቷ ሱማሌ፣ እናቷ ኦሮሞ ናቸው። ስትነግድ በሱማሊኛ፣ ስትመርቅ በኦሮምኛ፣ ስትሳደብ በአማርኛ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳከፋፈለችው ጠይቄያት አማርኛ ለስድብ ረጅም ነው፣ ሰውየው እስኪጨርሱለት ቆሞ ይሰማል አለችኝ። ቆመው ከሰሙት አንዱ ነኝ።

ሥራዋ ባዶ በርሜልና ጀሪካን መግዛትና መሸጥ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ቤት ሙሉ ቤት አይባልም፤ ለሙሽራ ከአልጋው ቀድሞ በርሜል የሚገዛ አባት አውቃለሁ። አዴ ሩቂያ በርሜል ሲመጣላት በቀለበቷ ታንኳኳና ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማዋለች። "ይሄ ያስለዋል" ካለች ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ተንከባሎ ወደ እኔ ይመጣል፣ እበይደዋለሁ። ከዚያ ታሸተዋለች። የተባይ መድኃኒት ተይዞበት የነበረ ከሆነ፣ ለመጠጥ ውሃ የሚፈልግ ሰው በወርቅ ቢመዝናትም አትሸጥለትም። "ሂድ፣ ልጆችህን በሌላ ነጋዴ በርሜል ግደል" ትለዋለች። ሰውየው ተቆጥቶ ይወጣል፤ በነጋታው ሌላ በርሜል ሊገዛ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ሀብት የሚጠብቀው ፊናንስ ነበር። ፊናንስ ውሻ ነው። በእኛ ከተማ ፊናንስ ማለት የኮንትሮባንድ ዕቃ የሚፈትሽ ሰውዬ ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው በበሩ የገባውን ፌስታል ሁሉ ሳያሸት ስለማያሳልፍ ነው። በጉብዝናው ዘመን ሲጮህ ሐረር ላይ ያለ ጅብ ጅራቱን ይቆልፍ ነበር። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ እንኳ የእኔን ግንብ ተንጠላጥሎ፣ አንገቱን እንደ ግመል አስረዝሞ፣ ከሩቅ ነበር የሚያነበው። ብዙ ጊዜ በግምት ይጽፍ ነበር፤ ግምቱ ደግሞ ለአዴ ሩቂያ አያዳላም ነበር።

አሁን የምናገረው ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው። አዴ ሩቂያ ሶላቷን የማታጓድል ሴት ነበረች። የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱንም በአፈር፣ መታጠብ እንዳለበት ጠንቅቃ ታውቃለች። ስለዚህ ፊናንስን በእጇ ነክታው አታውቅም። ሳህኑ ለብቻ ነው። እሷ ወደ ግቢ ስትወጣ የምታገለድመው ሽርጥም ለብቻ ነው። እሱም የመኖሪያ ክፍሏን ደፍ አያልፍም። ስትፈልገው በቀለበቷ አንዱን በርሜል ኳ ታደርጋለች፤ ይመጣና አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቆማል። ያቺን አንድ ክንድ ሁለቱም ሲጥሷት አላየሁም። በዚያች ክፍተት ውስጥ ግን የማይወራ ነገር አልነበረም። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቀጣፊ ደንበኛ ትነግረዋለች። እሱም ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል። እኔ ሚስቴን አቅፌ የዚያን ግማሽ ያህል አውርቼ አላውቅም።

ይህ ውሻ አረጀና ዓይኑ ደፈረሰ። ሻይ ላይ ወተት ጠብ ሲል እንደሚሆነው፣ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ሰውና በርሜል አይለይም ነበር። የእኔን ሆድ ያየ ሰው በዚህ አይፈርድበትም። ችግሩ፣ የበርሜል ግቢ ዓይኑ ለደከመ ፍጡር የተሠራ ቦታ አለመሆኑ ነው። ጠዋት የነበረው ክምር ከሰዓት በኋላ የለም። ፊናንስ ትናንት በሄደበት ሲሄድ አፍንጫው ዛሬ ከመጣ ብረት ጋር ይጋጫል። በተጋጨ ቁጥር ግቢው እንደ ቤተክርስቲያን ደወል ይጮሃል፤ እሱም አፍሮ ይቆማል። ውሻ ያፍራል ወይ የሚል ካለ ያኔ ግቢው ውስጥ አልነበረም።

አዴ ሩቂያ ዓይኑን ለማዳን የእንስሳት ሐኪም ጠይቃ የማይሆን መሆኑን ስታውቅ ግቢውን ለማዳን ተነሳች። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በአህያ ጋሪ አስመጣች። ከውጭው በር እስከ ደጇ፣ ከደጇ እስከ ውሃ ሳህኑ መንገድ አድርጋ አስነጠፈችው። እግሩ አሸዋ ከረገጠ መንገድ ላይ ነው፤ አሸዋው ካለቀ በርሜል አለ። በአሸዋው ላይ ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ወዮለት፤ በሦስቱም ቋንቋ ነበር የምትነግረው። ክምሮቹም ቋሚ አድራሻ ተሰጣቸው። የዘይቱ በርሜል እዚህ፣ የሳሙናው እዚያ፣ የተቀደደው ግንቡ ጥግ። ስትሸጥ ከላይ ከላዩ ታነሳለች እንጂ የታችኛውን ድርድር አትነካም። አንድ ነጋዴ ከታች ያለው አምሮት አልሄድም ብሎ ሲጨቀጭቃት፣ ያ የፊናንስ ቤት ግድግዳ ነው፣ አንተስ የቤትህን ግድግዳ ብጠይቅህ ትሸጥልኛለህ አለችው። ሰውየው አሰበበት። የምር አሰበበት።

ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ማንም ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ስሙን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ፊናንስ በድምፁ እንዲለየው። የባጃጅ ነጂው፣ የጀሪካን አጣቢዋ፣ ባለጋሪው፣ ሁሉም ለውሻ ራሱን ያስተዋውቃል። እኔ በዕድሜዬ ለባንክ ቤት ሥራ አስኪያጅ እንኳ እንደዚያ በትሕትና ራሴን አስተዋውቄ አላውቅም። እንቢ ያለው አብዲ ብቻ ነው። ለውሻ ስሜን አልናገርም ብሎ በሩ ላይ ሲደርስ ይስላል። ፊናንስም ሳሉን ለመደ።

አብዲ ሚኒባስ አለው። ግቢው ከአባታቸው ለሁለቱ የተረፈ ነው። በእሱ ላይ ክፉ የሚናገር ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል፤ ጠንካራ ሃይማኖተኛ ነው እንጂ ጨካኝ አይደለም። የጠየቀውም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ውሻ በሙስሊም ግቢ የሚያዘው ለሥራ ነው፤ ለጥበቃ፣ ለእንስሳ። ያለ ሥራ ውሻ ማስቀመጥ አይገባም። የማያይ ጠባቂ ደግሞ ምን ይጠብቃል? ዝም ብሎም አልመጣም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ሐርላ መንደር ያለ ፍየል አርቢ ዘመዳቸውን አነጋግሮ ፊናንስን እዚያ አጥሩ ሥር እንዲያኖርለት አስማምቷል። ምግብ አያጣም፣ አየሩም ጥሩ ነው፣ ምን ጎደለው አለ።

ግንቡ አጭር ስለሆነ፣ እኔም ቁመቴ ረጅም ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ የሰማሁት ሳልፈልግ ነው። አዴ ሩቂያ ያን ቀን አልተሳደበችም። አልጮኸችም። ቀለበቷን እያዞረች፦

"እዚህ ዓይን አለው፣ አብዲ" አለች። "የሚታወረው ሐርላ የሄደ ቀን ነው።"

የአብዲም ጥያቄ ግን ጥያቄ ነው። ተያይዘው ወደ ሰፈሩ መስጊድ ሼኽ ሄዱ። ሼኹ የሁለቱንም ሰምተው፣ ለጥበቃ ከተያዘ ችግር የለውም፣ ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም የሚለውን ግን እኔ በርሜል ስላልጠፋብኝ አላውቅም፣ ሂዱና እናንተው እዩ አሏቸው። ወንድምና እህት ይህን አንድ ቃል ሳይለዋውጡ እኩል ነገሩኝ። በሁለቱ ታሪክ ውስጥ እንደዚያ የተስማሙበት ሌላ ነገር አላውቅም።

ስለዚህ ፈተና ተዘጋጀ። ሰዓቱን የመረጠው አብዲ ነው፤ ስምንት ሰዓት። ድሬ ስምንት ሰዓት ላይ ጥላው ራሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ ባለሥልጣኑም ዝንቡም ያንኮራፋል። ሌባ ካለ የእሱ የሥራ ሰዓት ይህ ነው። ሌባ ሆኖ የሚገባውንም አብዲ አመጣ። ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ሽንኩርት የሚያወርድ ሙክታር የሚባል ጓደኛው ነው፤ በር የሚያህል ሰውዬ፣ ፊናንስ ሽታውን አያውቀውም። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። ሙክታር አንድ በርሜል ይዞ ፊናንስ ሳይጮህ ከወጣ፣ ፊናንስ በማግስቱ በሚኒባሱ ሐርላ ይሄዳል።

አዴ ሩቂያ፣ አብዲና እኔ በእኔ ብየዳ ቤት ገብተን በግንቡ ስንጥቅ ማየት ጀመርን። እሷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ስድብ አልለየሁም። ሙክታር ብልጥ ነው። ጫማውን አውልቆ ገባ። ባዶ እግር በአሸዋ ላይ ምን ድምፅ አለው? እንደ ድመት ሄደ። ፊናንስ በዘይቱ ክምር ጥላ ሥር ተዘርግቶ ተኝቷል። ጆሮው እንኳ አልተነቃነቀም። ሙክታር በአጠገቡ አለፈ። አብዲ ዞር ብሎ እህቱን አያት፤ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። እሷ አላየችውም። ግንቡን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

ሙክታር ሳሙናው ክምር ጋ ደረሰና የላይኛውን በርሜል በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ አቀፈ።

እንግዲህ ሙክታር ሕይወቱን በሙሉ የሠራው ሽንኩርት ላይ ነው፣ ያውም በጥላ ሥር። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የብረት በርሜል ስምንት ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን አያውቅም። እኔ በዚያ ሰዓት በርሜል ላይ እንቁላል ጠብሼ በልቻለሁ፤ ውሸታሙ ካላችሁኝ ሂዱና ሞክሩ። ሙክታር "ወላሂ" አለና በርሜሉን ለቀቀው። በርሜሉ ወደቀ፣ ሌሎቹን ጠራቸው፣ እነሱም ወረዱ። ከተማው በሙሉ ከእንቅልፉ ተነሳ። ፊናንስ ብድግ አለ። አልተደናበረም። አሸዋውን ይዞ ቀጥ ብሎ በሩ ላይ ሄዶ ቆመና መጮህ ጀመረ፣ ያ የድሮው ጩኸት። ሙክታር መውጫ ሲያጣ ግንቡን ዘሎ እኔ ብየዳ ቤት ውስጥ ወደቀ። ያን የሚያህል ሰው ያን ያህል ሲዘል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጫማውን ያስመጣው በማግስቱ ሰው ልኮ ነው።

ክርክሩ ከፈተናው ረዘመ። አብዲ፣ የጠበቀው በርሜሉ ራሱ ነው እንጂ ውሻው ተኝቶ ነበር አለ። አዴ ሩቂያ፣ በርሜሉና ፊናንስ ባልደረቦች ናቸው፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይመጣል፣ የአንተ ሾፌርና ረዳት እንዲህ ተግባብተው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችው። ደግሞም በሩን ማን ዘጋው? አብዲ የሙክታርን መዳፍ እያየ ሊቆጣ ሞከረ፤ ሳቁ አሸነፈው። ሐርላ ቀረ። "ፊናንስ ሥራ ላይ ነው" አለች አዴ ሩቂያ፤ ሽርጧን አስተካክላ የወደቁትን በርሜሎች ወደየአድራሻቸው ለመመለስ ሄደች። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ያን ጥያቄ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ስትቀበር ሰፈሩ አልቀረም። ለተዕዚያ፣ ማለትም ለለቅሶው፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለና የመጣው ሰው ሁሉ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ፊናንስ አልበላም አለ፣ እያላዘነ መቃብሯ ላይ ተኛ ብል ያምርልኝ ነበር። አላደረገውም። ከሁላችንም በላይ በላ። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ሳያውቅ በርሜል ኳ ባደረገ ቁጥር ይመጣና አንድ ክንድ ርቆ ይቆማል። ሰውየው የሚናገረው ነገር እንደሌለ ሲያውቅ ይመለሳል።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አብዲ የበርሜል ንግድ አልችልም ብሎ ሁሉንም ለአንድ የሳቢያን ሰፈር ነጋዴ ሸጠ። አይሱዙ እየተመላለሰ ጫነው፣ የዘይቱን፣ የሳሙናውን፣ የታችኛውን ድርድር ጭምር። ማምሻውን ግቢው ሜዳ ሆነ። የሚጠበቅ አንድ ጣሳ እንኳ አልቀረም። አሁን ክርክር የለም፤ ዘመዳቸው በማግስቱ ከሐርላ መጥቶ ውሻውን ሊወስድ ተነጋግረዋል። እኔ ልውሰደው እንዳልል ያለኝ ብየዳ ቤት ነው፣ የእሳት ፍንጣሪና የብረት ስለት። ለሚያይም አይመከርም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ግቢው ስገባ አብዲ የሩቂያ ደጅ ላይ ተቀምጦ ነበር። በእጁ ገመድ ይዟል። ዝም በል የሚል ምልክት አሳየኝ። ፊናንስ ከውሃው ሳህን ተነስቶ ይራመድ ነበር። አሸዋው በአይሱዙ ጎማ ተበጥብጧል፤ እሱ ግን አካሄዱን አልለወጠም። የዘይቱ ክምር የነበረበት ቦታ ሲደርስ በሰፊው ዞረ። እዚያ ምንም የለም። ባዶውን መሬት ጥግ ጥጉን ይዞ ዞረና ቀጠለ። የሳሙናው ጋ ሲደርስም እንዲሁ። ከዚያ ጥላ ወደነበረበት ሄዶ ተኛ። ጥላ የለም። የጠዋቱ ፀሐይ ፊቱን መታው። ተነሳ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ተኛ። እዚያም ፀሐይ ነው። መሃል ሜዳው ላይ ቆመ።

አብዲ ገመዱን መሬት ላይ ጥሎ ወጣ። ሚኒባሱን ሲያስነሳ ሰማሁ። ሄዶ ዘመዱን ሊያመጣው ነው አልኩ።

ሲመለስ ዘመዱ አብሮት የለም፤ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ በርሜል ታስሮበታል፤ የኋላውም ወንበር ላይ ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡ በርሜሎች ነበሩ። ዝገት የበላቸው፣ ማንም የማይገዛቸው ዓይነት። አንዱን አንስቼ ወደ ፀሐይ ባዞረው እንደ ወንፊት ሰማይ ታየኝ። ቀዳዳ ናቸው፣ ልበይድልህ ወይ አልኩት።

"አትበይዳቸው" አለኝ። "ንብረት ናቸው። ንብረት ያለበት ግቢ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ሼኹ ያሉት ይሄንኑ ነው።"

ማውረድ ጀመርን። የዘይቱ ክምር በትክክል የቱ ጋ እንደነበር እኔ አንድ ነገር እላለሁ፣ እሱ ሌላ ይላል። ያን ሁሉ ዘመን በግንቡ ላይ እያየሁ ኖሬ አላውቀውም። በኋላ ክርክሩን ትተን ዳር ቆምን። ፊናንስ ወደ ሳህኑ ሲሄድ አየነው፤ የዞረበት ቦታ ላይ በርሜል አስቀመጥን። ሲመለስ አየነው፤ የዞረበት ቦታ ላይ ሌላ አስቀመጥን። እንዲህ እያልን እስከ እኩለ ቀን ሠራን። ፊናንስ አዲሶቹን በርሜሎች አንድ በአንድ አሸተተ፣ ፈተሸ፣ አሳለፈ። የዘይቱ ክምር ጥላ ሥር ሄዶ ተዘረጋ።

አብዲ ላቡን ጠርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔም አላስችል ብሎኝ፣ ይሄን ወንፊት ማን ይሰርቀዋል ብለህ ነው የምታስጠብቀው አልኩት።

"ቀዳዳ መሆኑን እሱ አያይም" አለኝ ድምፁን ቀንሶ። "አንተም አትንገረው።"